የተመዘገበውን የቤት ኪራይ ዋጋ አሳዩን

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ቤት ስጡኝ ልላችሁ አይደለም። የምጠይቀው ቁጥር ነው።

በዚህች ከተማ ሕዝብ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ቀጣዩ ቆጠራ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ከተማዋ ግን ቆጠራ አልጠበቀችም፤ ኮዬ ፈጬ ደርሳለች። የቤት ፈላጊው ብዛት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ነው። ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ዛሬ ትዳር ይዞ ቤት ያፈላልጋል። እሱ እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ከዚያ ወዲህ ከክፍለ ሀገር የመጣውም የለም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይና ተከራይ ውላቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። በየውሉ ላይ ደግሞ ቤቱ የት እንዳለና በስንት እንደተከራየ ተጽፏል።

እኛ ግን ጀሞ አንድ ስቱዲዮ ስንት እንደሚከራይ ለማወቅ ዛሬም ደላላ ነው የምንጠይቀው። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያሰላው ከኪራዩ ላይ ነው። ዋጋ ቢወርድ ምን ይጠቅመዋል? አንዱማ ያንኑ ቤት ጠዋት በአንድ ዋጋ፣ ከሰዓት በሌላ ዋጋ ነገረኝ። ምነው ስለው «ገበያው ነው» አለኝ። ጉድ እኮ ነው!

ስለዚህ በየሦስት ወሩ የተመዘገበውን ኪራይ በየወረዳው ለይታችሁ አውጡልን። የሰው ስምም የቤት ቁጥርም አያስፈልግም። ስቱዲዮው፣ ባለ አንድ መኝታው፣ ባለ ሁለት መኝታው በአማካይ በስንት እንደተከራየ ይለጠፍ። ግቢ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ደግሞ አደራ እንዳትረሷት። ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ለጭማሪ የተጋለጠውም እሱ ነው። ስንት አዲስ ውል እንደተመዘገበም ጨምሩበት። ቆጠራ እስኪመጣ ድረስ ሰው ወዴት እየጎረፈ እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ግንባታ የት ይሁን ለሚለውም ይረዳችኋል።

ወረቀት ላይ ሌላ፣ በእጅ ሌላ የሚቀበል አከራይ አለ ትሉ ይሆናል። አለ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋው በግልጽ ሲለጠፍ ግን ከጎረቤቱ በግማሽ ያነሰ ኪራይ ያስመዘገበ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ማጣራቱን ከእሱ መጀመር ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ተከራይ