ከትምህርት በኋላ ስላለው ሰዓት ልጆቹም ይጠየቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደሴና በኮምቦልቻ ወላጆች ከሥራ እስኪወጡ ተማሪዎችን የሚያቆዩ ቤቶች፣ በተለይ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ለሚሠሩ እናቶች፣ ትልቅ እፎይታ ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ አገልግሎቱ ሲነሣ የምንጠይቀው ክፍያውንና የቤት ሥራው መሠራቱን እንጂ ልጁ እዚያ እንዴት እንደሚያመሽ አይደለም።

በሰፈሬ ባለ አንድ ማቆያ ልጆቹ ገና ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ደብተር እንዲያወጡ ይታዘዛሉ፤ ግቢው ለሰኞ ማክሰኞና ለብይ የሚበቃ ሆኖ ሳለ የክፍሉ በር የሚከፈተው ወላጅ ሲመጣ ብቻ ነው። የጎረቤቴን የሰባት ዓመት ልጅ እዚያ የሚወደውን ብጠይቀው «መክሰስ» አለኝ (መክሰሱ ደረቅ ዳቦ ነው)። ከዚያ ወጥተው ቁርኣን ቤት ወይም ቄስ ትምህርት ቤት የሚገቡትማ አንዴም ሳይሯሯጡ ይመሽባቸዋል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ የልጁን ሐሳብ መሰማት መብት አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው አካል ክፍሉንና መጸዳጃውን ሲመረምር የጨዋታ ሰዓቱንም ይመርምር፤ ልጆቹንም የማቆያው ሠራተኞች በሌሉበት ያነጋግር። ባለቤቶቹም ቢያንስ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለጨዋታ ይልቀቁላቸው።

አንድ ወላጅ፣ ከደሴ