ስሜ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል፤ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ

ውድ ወዳጆቼ፣ ዘመዶቼና የሙያ አጋሮቼ፤

ባለፈው ሳምንት ስሜ በእንግሊዝና ዌልስ የሶሊሲተሮች (ደንበኛን የሚያማክሩና የሚወክሉ ጠበቆች) መዝገብ ላይ ሰፈረ። አገር ቤት ጠበቃ የነበርኩት እኔ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁ አልደግመውም። "እንኳን ደስ ያለሽ" ብላችሁ ስትደውሉ ስልኩን ይዤ ከማልቀስ በቀር መልስ አልሰጠኋችሁም። ዛሬ ትንሽ ስለተረጋጋሁ ያኔ ያልወጣልኝን ልጻፍላችሁ።

የምጀምረው ከጋሼ ነው። ስማቸውን እንዳላነሳ አጥብቀው ስለከለከሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ፤ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። እዚህ አገር በጥብቅና ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሶሊሲተር ለመሆን የሚወሰደው የአሁኑ ፈተና፣ ኤስኪውኢ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጀመሩ ብዙ ዓመት በፊት እሳቸውም በሌላ አገር ሕግ ተምረው መጥተው፣ በጊዜው የነበረውን ፈተና አልፈው ነው ሥራ የጀመሩት። ዝምድና የለንም። ስልካቸውን ከአንድ ወዳጅ አግኝቼ ስለ ሰነድ ማረጋገጫ አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው ደወልኩ። ከዚያች ቀን በኋላ፣ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ፣ ጋሼ ያልደወሉበት የቅዳሜ ጠዋት ትዝ አይለኝም።

እኔ በኮድ፣ ማለትም በአንቀጽ ተዘርዝሮ በተጻፈ ሕግ፣ ያደግሁ ጠበቃ ነኝ። ጉዳይ ሲቀርብልኝ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ አንቀጹ ነው። ጋሼ ይህን በሁለተኛው ቅዳሜ አዩብኝ። "ልጄ፣ አንቀጹን ለጊዜው ተዪውና ነገሩን ንገሪኝ" አሉ። የያዝነው በ1932 የተወሰነውን የዶናህዩና የስቲቨንሰንን ክርክር ነበር፤ ከጠርሙሱ ውስጥ ወጣ ስለተባለው ቀንድ አውጣ። መርሁን በቃሌ ስለማውቀው ልዘረግፈው ስል አቋረጡኝ። "መጠጡን ማን ገዛው?" ጓደኛዋ። "እንግዲያው ጠጪዋ ከማን ጋር ውል አላት?" ከማንም ጋር። "ታዲያ ታመመች፤ በምን ትክሰስ?" ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ጠበቁኝ። መልሱን ራሴ ደረስኩበት፦ አምራቹ ውል ባይኖረውም ለጠጪው መጠንቀቅ ነበረበት። ስንት ዓመት ከውል ውጭ ኃላፊነት እያልኩ ስከራከር ኖሬ፣ የሕጉ ሥር እንዲያ ከአንዲት ሴት ችግር ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ትረስት ደግሞ ለብቻው ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ንብረቱ በሕግ በአንዱ ስም ሆኖ ጥቅሙ የሌላው መሆኑን አእምሮዬ አልቀበል ብሎኝ ነበር፤ አንድም ቀን ድምፃቸው ሳይለወጥ ደጋግመው አስረዱኝ።

ውጤት የወጣ ዕለት የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። ከሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተናዎች አንዱን አልፌ፣ የመሬት፣ የትረስት፣ የኑዛዜና የወንጀል ሕግ ያለበትን ሁለተኛውን ወደቅሁ። ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ። ማታ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ካፖርታቸው በዝናብ በስብሶ፣ በብብታቸው ሰማያዊ ደብተር ይዘው። ሁለት ሰዓት በባቡር መጥተዋል። "አይዞሽ" እንኳን አላሉኝም። ተቀመጡና ደብተሩን ከፈቱ። ለካ በስልክ ስንለማመድ የተሳሳትኩትን ጥያቄ ሁሉ፣ ርዕስ በርዕስ ለይተው፣ ከነቀኑ ሲመዘግቡ ኖረዋል! "የምትደግሚው የወደቅሽውን ብቻ ነው። ጥያቄው 180 ነው፤ አንቺን የሚጥልሽ ግን ይሄ ገጽና ይሄ ገጽ ነው" አሉኝ። ደብተሩ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ይህን ስጽፍ እንባዬ እየመጣ ነው፤ ይቅርታ።

የሁለተኛው ደረጃ ፈተና 12 የጽሑፍና 4 የቃል ሥራዎች አሉት። ከቃሉ ሁለቱ ደንበኛን ማነጋገር ናቸው፤ የሚመዝንሽም ራሱ ደንበኛ ሆኖ ፊትሽ የሚቀመጠው ሰው ነው። ጋሼ ለዚህ ሲሉ ቤቷን ለልጅ ልጇ መናዘዝ የምትፈልግ ባልቴት ሆኑልኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የተከበሩ ሰው ድምፃቸውን አቅጥነው ያወሩኛል። ምክር ለመስጠት በተቸኮልኩ ቁጥር ባልቴቷ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ጋሼ በራሳቸው ድምፅ "አላስጨረስሽኝም ልጄ" ይሉኛል። ከዚያም ከደንበኛዋ ጋር የተነጋገርነውን ማስታወሻ በእጄ ያስጽፉኛል፤ 25 ደቂቃ፣ ሰዓት ይዘው። የፈተናውን ይዘት መናገር ስለማይፈቀድ አልናገርም። ይህን ብቻ ልበል፦ ጋሼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ማለት ባለብኝ ሰዓት ዝም ብያለሁ።

ባለቤቴ፣ አንተን በአደባባይ ማመስገን ስለሚከብደኝ ቤት ውስጥ እነግርሃለሁ። ልጄ፣ "እማዬ እያጠናች ነው" ብለሽ በርሽን ቀስ አድርገሽ የዘጋሽባቸውን ምሽቶች ሁሉ እክስሻለሁ።

አገር ቤት ያለህ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ፣ የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ ደብዳቤዬን ለማስጨረስ ሥራህን ጥለህ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰሃል። ዘጠኝ መሆኑን የነገረችኝ ሚስትህ ናት፤ አንተማ ትንፍሽ አላልክም።

በሙያው ብቁ ሆኖ ለመጣ ጠበቃ ሶሊሲተር ለመሆን ከሌሎች የሚጠየቀው የሁለት ዓመት የሥራ ልምምድ ግዴታ እንዳልሆነ ስናገር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬን እንዳልነበረ የቆጠረ ቢሮ አጋጥሞኛል። ዛሬ ቂም የለኝም። ከሦስት ወር በኋላ ማመልከቻዬን አንብባ "ስለተከራከርሽባቸው መዝገቦች ንገሪኝ" ያለችኝን አለቃዬን ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ከእሷ በፊት ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የቴሌግራም የጥናት ቡድናችን አባላት በሙሉ፣ የጸለያችሁልኝ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ያመጣችሁልኝ፣ መጽሐፍ ያዋሳችሁኝ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ እጅግ ብዙ ናችሁ፤ ረስቻችሁ እንዳይመስላችሁ፣ ይቅር በሉኝ።

ጋሼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ትናንት ከአገር ከመጣች ሁለት ወር ያልሞላት ጠበቃ ደውላልኝ ነበር፤ ልክ እንደ እኔ ስለ ሰነድ ማረጋገጫ ልትጠይቅ። ጥናቱን እኔ እይዝላታለሁ፤ ሰማያዊ ደብተርም ገዝቼላታለሁ። ባልቴቷን ግን እኔ አልችልባትም። ቅዳሜ ጠዋት እንደውልልዎ?