ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከአዳራሽ ሥልጠና ይልቅ አብሯቸው ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ይመደብላቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

31 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የታላቅ እህቴን የመጨረሻ 4 ወራት ተክለ ሃይማኖት ሠፈር በሚገኘው የቀበሌ ቤታችን ውስጥ አስታምሜያለሁ። በሽታዋ የማኅፀን በር ካንሰር ነበር፤ በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ሐኪሞቿ ከዚህ በኋላ በሽታውን የሚያድን ሕክምና እንደሌለ ነግረውን፣ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት ብለው አሰናበቱን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በእነዚያ ወራት ያየሁት አንድ ነገር ነው።

የቀጠናችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ 3 ጊዜ ወደ ቤታችን መጥታለች። ትሑትና ሰው አክባሪ ልጅ ናት። እህቴ አልጋ አጠገብ ቆማ «እማማ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ እህቴም «ተመስገን ልጄ፣ ዛሬስ ደህና ነኝ» ብላ ትመልስላታለች። ልጅቷ መልሱን መዝግባ፣ ምሕረቱን ያምጣልዎ ብላ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። እህቴ ግን በዚያው ሌሊት የልጅ ልጆቿ እንዳይሰሟት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታድር ነበር። ልጅቷን አልወቅሳትም። «ተመስገን» ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና እንጂ ስለ ሕመም የተሰጠ መልስ አለመሆኑን አጠገቧ ቆሞ ያሳያት ሰው አልነበረም።

እኔም ብሆን ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት አንጋፋ ነርስ አንድ አዛውንት ታማሚን ስትጠይቅ ተመለከትኩ። ሕመም የሚለውን ቃል እንኳ አላነሣችም። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ በየትኛው ጎናቸው መተኛት እንደተዉ፣ ቡና ሲፈላ ተነሥተው መቀመጥ ይችሉ እንደሆነ፣ ጸሎታቸውን ቆመው ወይስ ተኝተው እንደሚያደርሱ ጠየቀቻቸው። ከዚያም እጃቸውን ይዛ፣ ጭብጥ ያለ እጅ ሕመም የለም ማለት፣ አምስቱ ጣት ሲዘረጋ ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም ማለት እንደሆነ አስረድታቸው፣ ጣታቸውን ዘርግተው እንዲያሳዩአት ለመነቻቸው። ሰውየው አራት ጣት ዘረጉ። እኔ ጠዋት በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት ግን «ደህና ናቸው» የሚል ነበር። ከክፍሉ ስንወጣ አልተቆጣችኝም፤ «ምን አየሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 56.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የማስታገሻ እንክብካቤ፣ ማለትም በሽታው ባይድን እንኳ ሕመምንና ስቃይን የሚያቀል ክብካቤ፣ እንደሚያስፈልገውና ከዚህ ውስጥ የሚያገኘው 14 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ይህን አገልግሎት ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ጋር እንዲያዋሕዱት ወስኗል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ መመሪያ አውጥታለች፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሰሉ ድርጅቶችም በዚሁ ከተማ ለዓመታት ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ደግሞ በሩን አንኳኩቶ የሚገባ፣ ሠፈሩን የሚያውቅ፣ ሠፈሩም የሚያውቀው ባለሙያ ሰጥቶናል። ስለዚህ መመሪያም ሰውም አለን። የጎደለን በመመሪያው ላይ የተጻፈውን በታማሚው አልጋ አጠገብ ወደ ሥራ የሚያሸጋግር ልምምድ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ባለሙያዎቹን ሰብስቦ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት በአዳራሽ ማሠልጠን ነው። ብዙ እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎችን ተካፍያለሁ፤ ጥቅም የላቸውም አልልም፤ ነገር ግን የታማሚ ቤት እንደ አዳራሽ አይደለም። በአዳራሽ ውስጥ ሞርፊን የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በአፍ የሚወሰድ እንደሆነ፣ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በየ4 ሰዓቱ በሰዓቱ እንደሚሰጥ፣ የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትልም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከማለስለሻ ጋር መሰጠት እንዳለበት ይነገራል። በቤት ውስጥ ግን ታማሚዋ ሑዳዴን እየጾመች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ትላለች፤ ልጇ «ይህ የመጨረሻ መድኃኒት ነው፣ ሱስ ያስይዛታል» ብሎ ጠርሙሱን ከቁም ሣጥን አናት ላይ ይደብቀዋል፤ አክስቷ ደግሞ ጠበል ከጀመረች መድኃኒቱ ይቁም ትላለች። በዚህ ሁሉ መካከል የቆመች ወጣት ባለሙያ ምን ማለት አለባት? የንስሐ አባታቸውን አስጠርታ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ ከእርሳቸው አንደበት ማሰማት እንደሚሻል፣ ጠበሉንና መድኃኒቱን ማጣላት እንደማያስፈልግ፣ ልጁን ከቤት ውጭ ለብቻው ይዞ ፍርሃቱን መስማት እንደሚቀድም የሚታወቀው ይህን ሲያደርግ ባዩት ሰው ብቻ ነው።

ቁስልም እንዲሁ ነው። የእህቴ ጎረቤቶች መምጣት የቀነሱት በሽታዋን ፈርተው አልነበረም፤ በሽታው ያስከተለው ሽታ ነው ያራቃቸው። ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን ክኒን ፈጭቶ ቁስሉ ላይ መነስነስ ያንን ሽታ እንደሚቀንሰው እኔ ስለማውቅ ለሐኪሟ ነግሬ አሳዘዝኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቶቿ ተመልሰው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቡና ጠጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይህን ብታውቅ ኖሮ ስንት ቤት ውስጥ ቡናው ዳግመኛ ይፈላ እንደነበር ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሐሳቤ ይህ ነው። በየክፍለ ከተማው ጤና ጣቢያዎች በማስታገሻ እንክብካቤ ልምድ ያካበቱ ነርሶች ተመርጠው፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ይዘው በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ቀን አብረው ቤት ለቤት ይሂዱ። መጀመሪያ ልምድ ያላት ነርስ ትጠይቅ፣ ባለሙያዋ ትመልከት፤ ቀጥሎ ባለሙያዋ ትጠይቅ፣ ነርሷ ዝም ብላ ትቀመጥ። እርማቱ በቤተሰቡ ፊት መሆን የለበትም፤ መንገድ ላይ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሲሄዱ፣ ያየችውን በማስነገር ይሁን። በመካከል ባሉት ቀናት ባለሙያዋ ግራ ሲገባት ስልክ ደውላ የምትጠይቃት ያቺው ነርስ ትሁን። ይህ ሥራ ቼክሊስት ይዞ ከሚመጣው ተቆጣጣሪ ፈጽሞ መለየት አለበት፤ ነጥብ የሚሰጠን ሰው ፊት ማናችንም አላውቅም ብለን አንናገርምና። ደግሞም በአንድ ወር ሁለት ሦስት የምትወዳቸውን ታማሚዎች የምትቀብር ወጣት የራሷን ኀዘን የምታራግፍበት ሰው ያስፈልጋታል፤ ይህን ቀላል አድርገን ማየት የለብንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሞርፊን ታዝዝ እያልኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቅዳለች፤ እኛም ወደዚያ እንደርስ እንደሆነ ሕግ አውጪዎች ይመክሩበት። ለጊዜው ከባለሙያዋ የሚጠበቀው ሕመሙን ማወቅ፣ ለጤና ጣቢያው ሐኪም በትክክል ማስተላለፍ፣ የታዘዘው መድኃኒት በሰዓቱ መወሰዱን መከታተልና አስታማሚዋ እንዴት ታማሚን እንደምታገላብጥ፣ አፍ እንደምታጸዳ ማሳየት ነው።

ከመሐል ከተማ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ዳርቻ በተዛወሩበት በዚህ ወቅት ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። ከፒያሳና ከካዛንችስ የሄደች ታማሚ ከእርሷ ጋር ዕድሯ፣ ጎረቤቷና የምታውቃት የጤና ባለሙያ አብረዋት አልሄዱም። አዲሱ ቀጠና ውስጥ በሯን የምታንኳኳው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ትችል ዘንድ መደገፍ አለባት።

እኔና ሁለት ጡረታ የወጣን የሥራ ባልደረቦቼ የጤና ቢሮው ፈቅዶ ከአካባቢያችን ጤና ጣቢያ ጋር ቢያገናኘን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት እስከ አብነት ባሉት ቀጠናዎች ያለ ክፍያ ከባለሙያዎቹ ጋር ለመሄድ ተስማምተናል። ማመልከቻችንን በጽሑፍ ለማቅረብም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ ነርስ፣ ከተክለ ሃይማኖት ሠፈር፣ አዲስ አበባ