የመምህሩ ግለ ግምገማ ለመምህሩ ይተውለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

መምህር ነኝ። ብዕር ያነሳሁት ስለ ኦንላይን ግለ ግምገማ ነው። መምህሩ ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ ስለራሱ አሠራር የቀረቡለትን ጥያቄዎች ይመልሳል፣ በመጨረሻም ጠንካራና ደካማ ጎኑን ያያል። ትምህርት ቤቶች አሁን አሁን ይህን አሠራር እየወደዱት መጥተዋል። እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ እየታለፈ ነው። መምህሩ ስለራሱ የሞላውን የሚያየው ማነው?

ለኔ ቋጠሮው እዚህ ጋ ነው። ውጤቱ መምህሩ ጋ የሚቀር ከሆነ መሣሪያው ይሠራል። ወደ አለቃ ጠረጴዛ፣ ከዚያም ወደ ደረጃ ዕድገትና ወደ ደመወዝ የሚሄድ ከሆነ ግን መምህሩ የሚሞላው ያለውን ሳይሆን የሚፈለግበትን ነው።

እስቲ አስቡት። «ሁሉም ተማሪዎች በትምህርቱ እንዲሳተፉ ታደርጋለህ?» ይላል ጥያቄው። ከ1 እስከ 5 ምረጥ ይልሃል። የመረጥከው ቁጥር የዓመቱ የሥራ አፈጻጸምህ ላይ እንደሚደመር ታውቃለህ። ማነው 2 የሚለው? ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በገዛ እጁ ራሱ ላይ አይፈርድም። ሁሉም 4 እና 5 ይሞላል። ሪፖርቱ ያማረ ይሆናል፣ ክፍል ውስጥ ግን እጃቸውን የሚያወጡት እነዚያው ሦስት አራት ልጆች ናቸው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ካምፕቤል ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አስቀምጦታል። አንድ መለኪያ ውሳኔ የሚሰጥበት በሆነ ቁጥር የመበላሸት ዕድሉ ይጨምራል፣ ይለካል የተባለውንም ሥራ አብሮ ያዛባል።

ይህ ሲሆን በቅርብ አይቻለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት የመምህራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማታ ሊንክ ለጠፈ። «እስከ ነገ ጠዋት ሞልታችሁ ጨርሱ» ተባለ። ስም ካልጻፍክ ፎርሙ አያሳልፍህም። መምህራኑ «አንተ ስንት አልክ?» እየተባባሉ ሞሉት። ከዚያ ውጤቱ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ተደርድሮ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መጨረሻ ላይ የተገኘችው መምህርት ምናልባት ከሁሉም በላይ እውነቱን የተናገረችው ነበረች። በሚቀጥለው ጊዜ ደግማ እውነቱን ትናገራለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ ሰው አያውቅም ማለት ነው።

በደንብ የታሰበበት አሠራር ምን እንደሚመስል ማየት ይቻላል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 «ሰልፊ ለመምህራን» የሚባል ነፃ መሣሪያ አውጥቷል። መምህሩ ዲጂታል ቴክኖሎጂን ለማስተማር እንዴት እንደሚጠቀምበት በ32 ጥያቄዎች ራሱን ይፈትሻል። ደረጃው እንደ ቋንቋ ትምህርት ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ነው። የሚወጣው ሪፖርት ለራሱ ለመምህሩ ነው፣ ቀጥሎ ምን ቢሞክር እንደሚሻልም ይነግረዋል። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የትምህርት ቤቶቹ «ሰልፊ» ደግሞ ሌላ ጥሩ ነገር አለው። የትምህርት ቤት አመራሮች፣ መምህራንና ተማሪዎች ስለ አንድ ጉዳይ ለየብቻ ይጠየቃሉ፣ ስም አይጻፍም። ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደር የተሠራ አይደለም። የሚጠቅመው በመልሶቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። መምህራኑ «አስተያየት እንሰጣለን» ብለው ተማሪዎቹ «አልደረሰንም» ካሉ፣ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ የሚቀመጥበት አጀንዳ አገኘ ማለት ነው። በእርግጥ ሁለቱም የሚመለከቱት የዲጂታሉን ጎን ነው። ማስተማር ከዚያ ይሰፋል። አሠራሩ ግን ለሌላውም ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ሥጋት አለ። ሰው ራሱን በትክክል መመዘን ይችላል ወይ? ብዙ ጊዜ አይችልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በፈተና የመጨረሻውን ረድፍ የያዙት ሰዎች ራሳቸውን ከአማካይ በላይ አድርገው ገምተው ነበር። ታዲያ መምህሩ ብቻውን ተቀምጦ «ጎበዝ ነኝ» ቢል ምን ዋጋ አለው?

መፍትሔው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ተማሪዎቼን አበረታታለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስቀምጦ እስማማለሁ አልስማማም ማስባል ከንቱ ድካም ነው። የማይስማማ የለም። «ባለፈው ሳምንት ስንት ተማሪ ጠየቅህ? እነማንን? መጨረሻ ያረምከው ደብተር ላይ ከእርማት ምልክቱ ሌላ ምን ጻፍክ?» ሲባል ግን መምህሩ ደብተር ይገልጣል፣ ይቆጥራል። የሚቆጠር ነገር ላይ ራስን መደለል ከባድ ነው።

አብራኝ የምታስተምር የሒሳብ መምህርት ያደረገችውን ልንገራችሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ ስታስተምር ድምጿን በስልኳ ቀዳች። አስቀድማ ለተማሪዎቿ ነግራ፣ ርዕሰ መምህሩንም አስፈቅዳ ነው። ማታ ቤቷ የተማሪዎቿን ስም ዝርዝር ፊቷ አድርጋ አዳመጠችው። የጠራችው ልጅ ስም ጎን አንድ ጭረት ታደርጋለች። ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ምን ያህል እንደጠበቀችም በሰዓት ለካች። አንዳንዱ ስም ጎን ጭረቱ ተደራርቧል። በመስኮቱ በኩል ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ጎን አንድም ጭረት የለም። ጥያቄ ጠይቃ ደግሞ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ወይ ራሷ ትመልሰዋለች፣ ወይ ያንኑ ልጅ ትጠራለች።

የሷ ብቻ ችግር አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ቅጂዎችን እየሰማች ያገኘችው ይህንኑ ነበር። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፣ የሚመልሱት ልጆች ይበዛሉ፣ «አላውቅም» የሚለውም ይቀንሳል። ሦስት ሰከንድ! ገንዘብ አይጠይቅም፣ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ባልደረባዬ ከዚያ በኋላ የሁሉንም ስም በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፋ እያወጣች መጥራት ጀመረች። ከመጥራቷ በፊት በሆዷ እስከ ሦስት ትቆጥራለች። ቅጂውን አዳምጣ ስትጨርስ አጥፍታዋለች። ያየችውን ለራሷ ብቻ በከፈተችው የኦንላይን ፎርም ላይ መዘገበች፣ ከወራት በኋላም ደግማ ሞልታ አስተያየችው። ማንም አላዘዛትም። እኔ የትምህርት ጥራት ሲባል የሚታየኝ ይህ ነው። እስቲ ያ ስም ዝርዝር ከነጭረቱ ወደ የሥራ አፈጻጸም ፋይሏ ይገባል ተብላ ቢሆንስ? ስልኳን ከቦርሳዋ የምታወጣው አይመስለኝም።

ርዕሰ መምህራን «ውጤቱን ካላየን ትምህርት ቤቱን በምን እናሻሽላለን?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ይገባኛል። የጋራውን ድምር ያለ ስም ማየት ይችላሉ። ብዙው መምህር ምዘና ላይ እቸገራለሁ ካለ የሥልጠናው ጊዜ እዚያ ላይ ይዋል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። በአንድ የትምህርት ዓይነት ሁለት ሦስት መምህራን ብቻ ካሉ፣ «የፊዚክስ ክፍል ውጤት» ብሎ ለይቶ ማውጣት ስም ጠርቶ እንደማውጣት ነው። ተጠያቂነትም መቅረት የለበትም። ክፍል ገብቶ መታዘብ አለ፣ የተማሪ ውጤት አለ። እነዚህ የትምህርት ቤቱ ሥራ ናቸው፣ በግልጽ ይሠሩ። መምህሩ ለራሱ ከያዘው መስታወት ጋር ግን አይቀላቀሉ። ደግሞስ ርዕሰ መምህሩ ለምን የራሱን ሞልቶ «እኔ በዚህ ዓመት ይህን ማሻሻል እፈልጋለሁ» ብሎ በመምህራን ስብሰባ አይጀምርም?

ጊዜም ይሰጠን። ከሥራ በኋላ በድካም የሚሞላ ፎርም ውስጥ ሐሳብ የለም። አንድ ክፍለ ጊዜ ነፃ ተደርጎ፣ ሁለት የሚተማመኑ ባልደረቦች ከፈለጉ ውጤታቸውን ይዘው ቢነጋገሩ፣ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ መርጠው ቢሞክሩ ይበቃል። መሣሪያውም በተራ ስልክ የሚከፈት ይሁን። ኔትወርክ ሲቋረጥ የተሞላውን አይጣል። መምህሩ በሚያስብበት ቋንቋ ይጠይቀው።

እነዚህን መሣሪያዎች ለምታሠሩና ለምትገዙ ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። ከመጀመሪያው ጥያቄ በላይ፣ በጉልህ ፊደል፣ ይህን መልስ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ጻፉልን። ሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ እናንተም ይህ ያልተጻፈበት ሊንክ ሲላክላችሁ ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር