የሜዳ ቴኒስ ክበብ ዘገባ፦ ባዶ ለ40

ክበባችን ጥቅምት ላይ ሲመሠረት 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጠረጴዛ ቴኒስ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው አብዛኞቹ ወደ ሚኒ ሚዲያ ተሻገሩ፤ 14 ቀሩ። ንብረታችን አምስት ራኬት (ሁለቱ የእኔ)፣ ዝቅ ተደርጎ የታሰረ የመረብ ኳስ መረብ እና በኖራ የተሰመረ ሜዳ ነው። ኖራውን የደብረ ብርሃን ነፋስ በሳምንቱ ይወስደዋል። እንደገና እናሰምራለን።

ከፍታውም አስቸግሮናል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን እምብዛም አይዛትም፤ ቆላ ላይ መስመር ውስጥ የምታርፈው ምት እዚህ አጥር ትዘላለች። ከአጥሩ ማዶ የገብስ ማሳ ነው። የጠፉብን ኳሶች አጨዳ ሲደርስ ተገኙ። የማሳው ባለቤት በማዳበሪያ ከረጢት ይዘውልን መጡ፤ እግዜር ይስጣቸው።

አንድ ቃልም ነበር። የመጀመሪያው ቀን “ሦስት ሴት ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል” ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ያልኩት የእንግሊዝኛውን “set” ነበር። ከዚያ ወዲህ “ዙር” ነው የምንለው። እዚህም እንደዚያው። ጨዋታው በዙሮች፣ ዙሩ በጌሞች፣ ጌሙ ደግሞ በነጥቦች ይከፈላል።

የዓመቱን ሥልጠና በዝርዝር መጻፍ ነበረብኝ። ግን ለእኔ የክበቡ ዓመት ማለት ሰኔ 1 ቀን 2017 ነው። የሮላንድ ጋሮስ (ትልቁ የፈረንሳይ ቴኒስ ውድድር) የወንዶች ፍጻሜ፣ ያኒክ ሲነር ከካርሎስ አልካራዝ። ዕለቱ ጰራቅሊጦስ ነበር። በማግስቱ የሰኔ ጾም ስለሚገባ የሄድንበት ቤት ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ጀርመንና ፈረንሳይ በአውሮፓ ኔሽንስ ሊግ እግር ኳስ ለሦስተኛ ደረጃ ይጫወታሉ። ለእኛ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ተከፈተችልን፤ ድምፅ የላትም። የዘጠኝ ልጆች ሻይ በእኔ ሒሳብ።

ሲነር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ወሰደ። ሊመሽ ሲል ትንንሾቹን “በቃ፣ አልቋል” ብዬ ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ዝም ብዬ አልነበረም፤ አልካራዝ ሁለት ዙር ተመርቶ ያሸነፈበት ጨዋታ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሦስተኛውን አልካራዝ ወሰደ። አራተኛው ላይ በጌም 5 ለ 3 ይመራል ሲነር፤ ሰርቩ (ኳስ ማስጀመሩ) የአልካራዝ፣ ነጥቡ ባዶ ለ40። ነጥብ 15፣ 30፣ 40 እያለ ይሄዳል፤ ከ40 በኋላ ያለው ጌሙን ይዘጋል። ሲነር ዋንጫውን ለመውሰድ ሦስት ዕድል አለው። አንዷ ትበቃዋለች።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጫወት ሰው ነኝ። ባዶ ለ40 ስደርስ ክንዴ ይደርቃል። ኳሷን ብቻ መረቡን ላሻግራት እላለሁ እንጂ መምታቱን እረሳዋለሁ። ይህ የ22 ዓመት ልጅ አልካራዝ ግን ሳይሳሳ ይመታል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስቱንም አዳናቸው። ቀጥሎ የሲነርን ሰርቭ ሰበረ፤ ማለትም ሲነር ያስጀመረውን ጌም ነጠቀው። ዙሩንም በታይብሬክ (ጌሙ ስድስት እኩል ሲሆን በሚደረግ መለያ) ወሰደው። አምስተኛው ላይ ተራው የሲነር ሆነ፤ አልካራዝ 5 ለ 4 እየመራ ሊጨርስ ሲል ሰርቩን ነጠቀው።

በዚህ ሰዓት ለፖርቱጋልና ለስፔን ፍጻሜ ቀድመው የመጡ የኳስ ሰዎች ወንበራቸውን ወደ ትንሿ ቴሌቪዥን አዙረዋል። አንድ ሹፌር ተጠጋኝና “ይቺ 15፣ 30፣ 40 የሚሏት ነገር ምንድን ናት?” አለኝ። ልመልስለት ስል የመጨረሻው ታይብሬክ ጀመረ። አልካራዝ 10 ለ 2 ዘጋው። 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ፤ በሮላንድ ጋሮስ የፍጻሜ ጨዋታዎች ታሪክ ረጅሙ። ሹፌሩ ጥያቄውን ረስቶ ቆሞ ያጨበጭባል።

ሰኞ ትንንሾቹ አኮረፉኝ። “ቲቸር፣ አልቋል ብለውን አልነበር እንዴ?” መልስ አልነበረኝም። የሒሳብ መምህር ነኝና ሰሌዳው ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ ሲነር 193 ነጥብ፣ አልካራዝ 192። የተሸነፈው በአንድ ይበልጣል። የክፍለ ጊዜው ግማሽ በክርክር አለቀ። በመጨረሻ አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ “ነጥብ እኮ ጌሙ ሲያልቅ ይደመሰሳል፤ ተጠራቅሞ አይሄድም” አለች። እኔ በሁለት ገጽ ማስታወሻ ያልቻልኩትን።

የራሳችን ፍጻሜ በዝናብ ተቋርጧል። ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ ይቺው ልጅ አንዷን የ10ኛ ክፍል ተማሪ 4 ለ 3 እየመራች ነበር። መስከረም ላይ ካቆምንበት እንቀጥላለን። መሪዋ ውጤቱን በወረቀት ጽፋ አስፈርማኛለች።