ጉዳዩ፦ ባለዕዳዎቼን በሙሉ ጥያቄ ምልክት ስላደረጋችሁብኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄ ስድስተኛ መልእክቴ ነው፣ አምስቱን አይታችሁ ዝም ስላላችሁኝ ይሄኛውን ረዘም አድርጌዋለሁ። የሱቄን የዱቤ መዝገብ ከአሮጌው ዳታቤዝ (አክሰስ ከሚሉት) ወደ አዲሱ (ማይኤስኪውኤል ወደሚሉት) የማዛወሩ ውል እናንተም ጋ አለ፣ እሱን አልደግምም። የምጽፈው ስለ ማክሰኞው ስልክ ነው።

ቅዳሜ ማታ የላካችሁት ልጅ "እትዬ አልቋል፣ ሰኞ በአዲሱ ይሠራሉ" ብሎ ቀሪውን ብር ተቀብሎኝ ሄደ። ሰኞ ጠዋት አዳማ ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ምን እንደሚመስል መቼም ታውቃላችሁ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች በሩን ሞልተውታል፣ አንዱ ዱቤውን ሊከፍል መጥቶ ስሙን ብፈልግ ብፈልግ የለም። ብሩ አለ፣ ስሙ ????? ነው። ከሱ በታች ያለውም ????። አንዱ ???? ?????? ደግሞ 42,000 ብር አለበት ይላል። የማንን በር ላንኳኳ? ሰውየው "ስንት ነበር ያለብኝ?" ሲለኝ መልሼ እሱኑ ጠየቅኩት፣ ያለኝን ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ።

ማክሰኞ ለልጁ ደወልኩለት። "ዳታው ድሮም ሲጻፍ የተበላሸ ነው" አለኝ። ኧረ አሮጌው ፋይል እዚሁ ፊቴ ተከፍቶ አማርኛው ቁልጭ ብሎ ይነበባል ብዬ ስነግረው "አንቺ ስለ ዳታቤዝ ምን ታውቂያለሽ፣ ስሞቹን በቃ በእንግሊዝኛ ጻፊያቸው" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ብር ሲቀበል እትዬ፣ ስልክ ላይ አንቺ። እናቱን ብበልጥ እንጂ አላንስም።

አለማወቄ ልክ ነው፣ የእህቴ ልጅ ግን ያውቃል። ማታ መጥቶ ኦዲቢሲ የሚሉትን የዳታቤዝ ማገናኛ ከፍቶ አሳየኝ፣ የማይኤስኪውኤሉ ድራይቨር (አገናኝ ፕሮግራሙ) ሁለት ሆኖ ተደርድሯል፣ አንዱ አንሲ ይላል አንዱ ዩኒኮድ፣ የናንተ ልጅ የመረጠው አንሲውን ነው፣ እሱ ደግሞ የኛን ፊደል አያሳልፍም፣ ያልገባውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ነው የሚተካው። አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ክሊክ ቢያደርግ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ ተመልሶ ስም አይሆንም፣ ታዲያ "ለዳታ ማጽጃ" ብላችሁ የጨመራችሁት 6,000 ብር ምኑን ሊያጸዳ ነው?

በፊትም ኮምፒውተሬ ላይ ያለው የማይክሮሶፍት ኦፊስ የ32 ቢት ሆኖ ሳለ የ64ቱን ድራይቨር ጭኖ፣ ኮምፒውተሩ "አርክቴክቸር ሚስማች" (ሁለቱ አይገጥሙም) እያለ ሁለት ቀን ሱቄን አስዘግቶኛል። እሱንስ ይሁን ብዬ ነበር፣ የ32ቱ ኦዲቢሲ ያለው ሲስዋው64 የሚባል ፎልደር ውስጥ፣ የ64ቱ ደግሞ ሲስተም32 ውስጥ ነው አሉ፣ ይሄ የማይክሮሶፍት ጉድ ነው፣ በናንተ አልፈርድም። ደረሰኝ አለመስጠታችሁ ግን የናንተው ነው። የላፕቶፔን ቻርጀር ይዞ የማይሠራ የራሱን ትቶልኝ መሄዱም።

እስከ አርብ ሌላ ሰው ላኩልኝ፣ ከአሮጌው ፋይል በዩኒኮዱ ድራይቨር እንደገና ያዛውር፣ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስም በስም አያለሁ። አንድ ብር አልጨምርም። እንደውም ስጽፈው ስጽፈው ንዴቴ ባሰ፣ ከከፈልኩት ግማሹ ይመለስልኝ። አርብ ካለፈ ውሉን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነኝ። ልጁም ደውሎ ይቅርታ ይበለኝ፣ እርስዎ ብሎ።

ቻርጀሩን እንዳትረሱ።