ስለተዘጋው የአደጋ ጊዜ መውጫ በር

ለተከበራችሁ የሕንፃችን ነዋሪዎች በሙሉ፦

ከሕንፃችን ጀርባ የሚካሄደው ግንባታ የቆርቆሮ አጥሩን እስከ ግድግዳችን ስላስጠጋና ፌሮና ብሎኬት ስለከመረበት፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው የአደጋ ጊዜ መውጫ በራችን ዛሬ ጠዋት ሲፈተሽ ከአንድ ስንዝር በላይ ሊከፈት አልቻለም። በደሴ ብርድ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ከሰል እናነዳለን፤ እሳት ቢነሳ ደግሞ ከነበልባሉ ቀድሞ ደረጃውን የሚሞላው ጭሱ ነው። በከዘራ የሚሄዱት የአራተኛ ፎቅ እናታችን በዚያ ጭስ ውስጥ በዋናው ደረጃ ብቻ እንዲወርዱ መተው ለሕሊናም ይከብዳል።

የግንባታውን ባለቤት በጉርብትና ወግ ሽማግሌ ልከን አነጋግረናል፤ በቃል እሺ ቢሉም እስካሁን የተነሳ ነገር ስለሌለ፣ ለከተማው አስተዳደር ፎቶግራፍ የተያያዘበት አቤቱታ አዘጋጅተናል። እስከ እሑድ ቀርባችሁ እንድትፈርሙ፣ በእኛው በኩል ደረጃው ሥር የተቀመጡትን የከሰል ጆንያዎችም እንድታነሱ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የነዋሪዎች ኮሚቴ፣ ደሴ